የቆላው ውሃ ሲመዘን

እናቴ ከኮኪት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በሰሊጥና በማሽላ ማሳ መሀል ባለች መንደር ብቻዋን ትኖራለች። እኔ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ በውሃ ቢሮ ተቀጥሬ እኖራለሁ። አባቴ ካረፈ ጀምሮ ከእኔ ጋር እንድትኖር ያልለመንኳት ጊዜ የለም። ዓይኗ ደከም ብሏል፤ ወባው በየዓመቱ ይጥላታል፤ ሙቀቱን እንኳን እሷ እኛ ወጣቶቹም አልቻልነው። ክፍል አዘጋጀሁላት፣ አልጋ አስገባሁ፣ ማራገቢያ አሰቀልኩ። መጥታ አየችው፣ መረቀችኝ፣ በማግስቱ ተመልሳ ሄደች። "ያንቺ ቤት ቤቴ ነው፤ ግን ውሃ ያለበትን ቀዬ ማን ጥሎ ይወጣል?" አለችኝ። እኔ ራሴን ግትር ነኝ ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ፤ ከየት እንደወረስኩት ያን ቀን ገባኝ።

ስለዚህ የመንደሩ ጉድጓድ እየደረቀ ነው ተብሎ ቢሯችን ሲወራ፣ እንደ ባለሙያ አዘንኩ፤ እንደ ልጅ ግን ደስ አለኝ። ልሸፋፍነው አልፈልግም፤ ደስ ነው ያለኝ። አለቃዬ በስብሰባ ላይ ነገሩን ፍርጥ አድርገው ተናገሩ። ውሃው በያመቱ እየራቀ ነው፤ የዘንድሮውም ልኬት እንደ አምናው ከሆነ፣ ከአጨዳ በኋላ ጉድጓዱ ከአገልግሎት ይወጣል፤ ነዋሪውም ቧንቧ ወዳለበት ወደ አስፋልቱ ዳር እንዲጠጋ ይደረጋል። መለካቱ ለእኔ ተሰጠ፤ መንደሩን የማውቅ እኔ ነኝና። ከስብሰባው ስወጣ በሐሳቤ እናቴን ከነጓዟ ደጃፌ ላይ ቆማ አየኋት። ወደ አስፋልቱ ዳር ከምትሄድ ወደ ልጇ እንደምትመጣ አልተጠራጠርኩም።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ጎንደር እየተመላለስኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። ጥናቴ ውሃን ከሰማይ ስለመመዘን ነው። መመዘን ያልኩት አውቄ ነው፤ ማየት አላልኩም። ውሃ ይከብዳል፤ ጀሪካን ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን ዲግሪ አያስፈልገውም። የሚከብድ ነገር ሁሉ ደግሞ ይስባል። ክረምት ዘንቦ መሬት ውሃ ሲጠጣ አገሩ ከበጋው ይልቅ ይከብዳል፤ የምድር ስበትም እዚያ ቦታ ላይ በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ፣ ይጨምራል። ይህችን ጥቂት ለመያዝ ሁለት ሳተላይቶች በአንድ መስመር ተከታትለው ምድርን ይዞራሉ።

ነገሩን ለማስረዳት ሁልጊዜ የምጠቀመው ምሳሌ ከእኛው መንገድ የመጣ ነው። ሰሊጥ ጭነው ከመተማ ወደ ጎንደር ተከታትለው የሚሄዱ ሁለት መኪኖችን አስቡ። የፊተኛው ቁልቁለት ሲያገኝ ይፈጥናል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይሰፋል። የኋለኛው እዚያው ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ደግሞ እሱ ይፈጥንና ርቀቱ ይጠብባል። መንገዱን ጨርሶ ሳታዩ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ እየለካችሁ፣ ቁልቁለቱ የት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚወርድ ማወቅ ትችላላችሁ። ለሳተላይቶቹ ቁልቁለት የሚሆናቸው ከበድ ያለው አገር ነው። እነሱ የሚይዙት የርቀት ለውጥ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው፤ ይህን ስነግራቸው አለቃዬ ሳቁብኝ።

"ሰማይ አይታረስ ሲሉ አልሰማሽም?" አሉኝ። "አንቺ ደግሞ ጥማድ ጠምደሽ ወጣሽ!"

"አላረስኩም፤ እየመዘንኩ ነው" አልኳቸው። እሳቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥራ በዝቶባቸው ነበር። በየቀበሌው የተበላሸ ፓምፕ፣ በየቀበሌው አቤቱታ፣ ለዚህ ሁሉ አንድ መኪና ነበረን። እንዲህ ላለ ሰው ከሰማይ የመጣ ቁጥር ቅንጦት ነው።

ቁጥሩ ግን ቅንጦት አልነበረም። በየወሩ ይወጣል፤ ለፈለገ ሁሉ በነጻ ይገኛል፤ ገንዳ ውሃ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር አወርደዋለሁ። በዓመታት ውስጥ የቆላውን ትንፋሽ ተማርኩበት። ከግንቦት ወዲያ አገሩ መክበድ ይጀምራል፣ መስከረም ላይ ጫፍ ይደርሳል፣ ጥቅምትን ከፍ እንዳለ ያልፋል፣ ከዚያ እስከ ሚያዝያ ቀስ እያለ ይቀልላል። የዓባይ ግድብ ሐይቅ እየሞላ በመጣባቸው ዓመታት የእሱም ክብደት ወደ እኛ ቁጥር እየገባ አስቸግሮኛል፤ እሱን መለየት አሸዋ ከገባበት ጤፍ አሸዋውን እንደ መልቀም ነበር። ለቅሜ ስጨርስ ያገኘሁት ግን ግልጽ ነው። ቆላው በየዓመቱ ይጠጣል፣ በየዓመቱ ይጠማል፤ እየደረቀ የሚሄድ አገር አይደለም።

የመንደራችን ጉድጓድ ደግሞ ተቃራኒውን ይናገር ነበር። አገሩ ሁሉ ውሃ ጠጥቶ በከበደበት በጥቅምት፣ የጉድጓዱ ውሃ ታች ይወርዳል፤ ባልዲው ጭቃ ይዞ ይወጣል። አገሩ እየቀለለ በሚሄድበት በጥር ደግሞ ውሃው ይመለሳል። ይህን መንደሩ ከእኔ በፊት ያውቀዋል። "ውሃው ጥምቀትን ሊያከብር መጣ" ይላሉ፤ ታቦት ሲወርድ የተባረከ ውሃ ከሥር እየገፋው እንደሆነ የማያምን አልነበረም። እኔም ልጅ ሆኜ አምኜ ነው ያደግሁት። ችግሩ የጥቅምቱ ውሃ በያመቱ ከአምናው ዝቅ ማለቱ ነበር።

የሳተላይቱን ቁጥርና የጉድጓዱን ከፍና ዝቅ በሁለት መስመር ስዬ፣ ጎን ለጎን አድርጌ ጎንደር ላለው የጥናቴ አማካሪ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየውና ራሱን ነቀነቀ። "ሳተላይቱ መንደር አያይም" አለኝ። "ከጣና እስከ ሱዳኑ ገዳሪፍ ያለውን አገር በአንድ ጉርሻ ነው የሚውጠው። ስለ አንዲት ጉድጓድ እሱን ምስክር አድርገሽ ከጠራሽ፣ መጀመሪያ የምቃወምሽ እኔ ነኝ።"

ልክ ነበር። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ጥያቄ ነው። እሺ፣ ሳተላይቱ ጉድጓዱን አያይም። ጉድጓዱ ግን በዚያ አገር ውስጥ ያለ ጉድጓድ ነው። አገር ሁሉ ሲጠግብ እሱ ብቻ የሚራብበት ምክንያት ምንድን ነው?

በጥቅምት መንገዱ ተከፈተ። በእኛ አገር ክረምት ዋልካው መኪና አያሳልፍም፤ ጥቁሩ ጭቃ እስኪደርቅ ከአስፋልት የራቀ መንደር ሁሉ እንደ ደሴት ነው። የቢሯችን መኪና ወደ መንደሩ የሚሄደው ጭቃው እንደደረቀ፣ ሁልጊዜ በጥቅምት ነው። ከእኔ በፊት የነበሩትም የለኩት በጥቅምት ነው። ይህን እንደ ተራ ነገር ነበር የማውቀው፤ እንግዳ ሆኖ አልታየኝም።

እናቴ ቤት አደርኩና ሜትሬን ይዤ ጎህ ሲቀድ ወደ ጉድጓዱ ወረድኩ፤ ሴቶቹ ሳይቀዱ ልቅደማቸው ብዬ ነው። ሴቶቹን ቀደምኳቸው። ሳሉጎቹን ግን አልቀደምኳቸውም። ሳሉግ የምንለው ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ከጎጃሙም፣ ከወሎውም፣ ከእኛው ደጋም የመጡ ሰዎች ጀሪካናቸውን ደርድረው ገመድ ይጎትቱ ነበር። ከኋላቸው በርሜል የጫነ የትራክተር ተሳቢ ተራ ይጠብቃል። ሞቅ ሲል ተመልሼ መጣሁ፤ ሌላ ተሳቢ። ፀሐይ ስትጠልቅም መጣሁ፤ ሌሎች ሰዎች፣ ያው ገመድ። ለማን ነው የምናደደው? የተጠማ ሰው ውሃ እየቀዳ ነው።

የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ከአባቴ ጋር ከደጋ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ክዳኑን መቼ እንደሚቆልፉት ጠየቅኳቸው።

"በሌላው ጊዜ ማታ ማታ ይቆለፋል፣ ልጄ" አሉኝ። "በአጨዳ ግን ቁልፉ ከቤቴ አይወጣም። ይህን አባትሽ አልነገሩሽም?"

ነግሮኛል፤ ረስቼው ነበር። መንደሩን የቆረቆሩት ሰዎች ራሳቸው ሳሉጎች ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ጓደኛቸው ወባ ይዞት ከእርሻ ወደ መንደር ሲመጣ አመሸ፤ ጉድጓዱን ተቆልፎ አገኘው፤ ጠዋት ክዳኑ አጠገብ ሞቶ አገኙት። ከዚያ ወዲህ ከመስከረም ጀምሮ የመጨረሻው ሳሉግ ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ ጉድጓዱ አይቆለፍም። ሳሉጎቹ የሚመለሱት ደግሞ ለጥምቀት ነው።

እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው ከጥቁሩ ድንጋይ ቀስ እያለ ነው የሚያንጠባጥበው፤ ሲቀዳ ውሎ ለመሙላት ማደር አለበት። በአጨዳ ግን አንድም ቀን ሳይቀዳ አድሮ አያውቅም። እርሻው በያመቱ ሲሰፋ ሳሉጉም ይበዛል፤ ሳሉጉ ሲበዛ የጥቅምቱ ውሃ ይወርዳል። ቢሯችን ደግሞ በጥቅምት ብቻ መጥቶ ሲለካ ኖሯል። መንገዱም፣ አጨዳውም፣ ያ የሞተ ሰውም ተባብረው አንድ ስህተት ሠርተዋል፤ ሁላችንም የለካነው የሚጠጣውን ሰው እንጂ ጉድጓዱን አልነበረም። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ጠረጠርኩ። ጥርጣሬ ደግሞ ቢሮ ይዞት የሚገባ ነገር አይደለም።

እውነቱን ለማወቅ መንገዱ አንድ ነው። በአጨዳው መሀል፣ ለአንድ ሌሊት፣ ጉድጓዱን መቆለፍ።

ያን ምሽት እናቴ ራት ስታቀርብ የጠረጠርኩትን አልነገርኳትም። ዝም ብዬ መቀጠልም እችል ነበር። የታዘዝኩት ጥቅምት ላይ ለክተሽ ነይ ተብዬ ነው፤ ለክቻለሁ፤ ቁጥሩ ከአምናው ያነሰ ነው። ይህን ይዤ ብመለስ ማንም ውሸታም አይለኝም፣ እናቴም ከፋሲካ በፊት ከጎኔ ትሆናለች። ልቤ ሁለት ሆነ። ሳል ይዟት እንደነበር ሰማሁ፤ ምጣድ ላይ የቀረውን ስታነሳ እጇን አቃጠላት፣ ዓይኗ ስላላየላት። አንጀቴን በላችው። ግን ጉድጓዱ ይድረቅልኝ ብዬ መመኘት ሌላ ነው፤ ያልደረቀውን ደርቋል ብሎ መንደር ማስነሳት ሌላ ነው። የማስነሳው እሷን ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቶቿን ሁሉ ነው። እጇን ቅባት ቀባሁላትና ያሰብኩትን ነገርኳት። ምኞቴን አልነገርኳትም። ግን እናት ናት፤ ሳልነግራትም ማወቋ አልቀረም።

በማግስቱ ከኩመሩ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ሰማዩን፣ ሳተላይቱን፣ ክብደቱን ሁሉ በመኪኖቹ ምሳሌ አስረዳሁ። በደንብ ነው የሰሙኝ፤ አንዱ ሹፌር እንዲያውም ቁልቁለቱን በስም ጠራው። መቆለፍ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ግን ጥላው ሥር ያለው አየር ተለወጠ።

"ኧረ ምን ነካሽ፣ ልጄ?" አሉ ሰብሳቢው። "ሳተላይቱን ሰማሁ፤ መልካም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ መጠየቅሽም መልካም። ግን በአጨዳ ውሃ ቆልፎ ማደር! አባትሽ ቢሰሙ ምን ይሉሽ ነበር?"

"አባባ፣ አንቱ የማይወዱትን አባቴም አይወደውም" አልኳቸው። "ግን ካልቆለፍነው ደርቋል ተብሎ ለዘለዓለም ሊዘጋ ነው። ያኔ ለሳሉጉ ማን ይቀዳለታል?"

"እግዜር ያውቃል።"

"እግዜር ያውቃል፤ ቢሮው ግን አያውቅም። የቢሮውን ሰው በምን ላሳምነው?"

ጉርምርምታ ሆነ። አንዱ፣ "ሳሉግ ቢሞትስ?" አለ፤ ሌላው፣ "የመንግሥት ሰዎች ዘዴ ነው" አለና ወደ እኔም ወደ እናቴም አየ። ነገሩ ገባኝ፤ እናቷን ለመውሰድ ነው ብለው ያሙኝ እንደነበር ሰምቻለሁ። ሐሜቱ ደግሞ ግማሹ እውነት ስለሆነ ፊቴ ጋለ። ያን ጊዜ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። በስብሰባ የምትናገር ሴት አይደለችም።

"የሚከለከል ሰው የለም" አለች። "በርሜል እናስመጣ። ከኮኪት ቧንቧ ሞልተን ጉድጓዱ አጠገብ እንደርድረው። የመጣ ሁሉ ይጠጣ፣ ጀሪካኑን ይሙላ። ውሃው ከጉድጓድ ይቀዳ ከበርሜል፣ ለጠማው ሰው ምን ገዶት? ክዳኑ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንድ ሰው ሳይጠጣ ቢመለስ በእኔ ይሁን።"

ሰብሳቢው ተነስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቁልፉን ይዘው ተመለሱ። "ከበርሜሉ ውሃ ቢያልቅ ግን ወዲያው ይከፈታል" አሉ። እኔም ማልኩላቸው።

በርሜል ማሰባሰቡ ቀላል አልነበረም። አጠገባችን የሚያርስ አንድ ባለሀብት ትራክተሩን ከነተሳቢው ሰጠን፤ እሱም ሠራተኞቹ ውሃ ካጡ ሰሊጡ ማሳ ላይ እንደሚረግፍ ያውቃል። ሴቶቹ ከየቤታቸው በርሜል አንከባለሉ፤ አንዷ የጠላ ጋኗን ሳይቀር አጥባ አመጣች። ከብቶቹን ወደ ሐፊሩ፣ ዝናብ ወደምናጠራቅምበት ኩሬ፣ ነዳናቸው። ከኮኪት ሞልተን ስንመለስ ተሳቢው ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ዘንበል ብሎ አንድ በርሜል ተደፋብን። ወርጄ ባዶውን በርሜል ጫንኩና እንደገና ልንሞላው ወደ ኮኪት ተመለስን። ሹፌሩ "ነገ ይሁን" ሲለኝ "ዛሬ" አልኩት። ያን ቀን ከአፌ የወጣው ቃል ይኸው ነበር፤ ዛሬ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰብሳቢው ክዳኑን ቆለፉ። ብዙም ሳይቆይ ከጎጃም የመጡ አጫጆች ከነካቧቸው ደረሱ፤ ካቦ የሠራተኞቹ አለቃ ነው። ቁልፉን ሲያይ ቆመ።

"ምነዋ!" አለ። "ውሃም ይቆለፍ ጀመር እንዴ እዚህ አገር?"

እናቴ ከበርሜሉ ጣሳ ሙሉ ቀድታ ሰጠችው። "ጠጣ፣ ልጄ። ጉድጓዱ ታሞ ነው፤ ዛሬ እናሳርፈዋለን" አለችው። ሰውየው ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ ጣሳውን ለሚቀጥለው አቀበለ። ሰዎቹን በተራ አሰለፋቸውና ራሱ መቅዳት ጀመረ። ሌላ ቡድን ሲመጣ ምክንያቱን የሚያስረዳው እሱ ሆነ፤ ከእኔ የተሻለ ያስረዳ ነበር። በኋላ ሰብሳቢውም ጋቢያቸውን ለብሰው መጡና ከእናቴ ጎን ተቀመጡ።

ጎህ ሲቀድ የበርሜሎቹ ውሃ ሊያልቅ ደርሶ ነበር፤ ግን ሳይጠጣ የተመለሰ አልነበረም። ክዳኑ ተከፈተ። ሜትሩን ለቀቅኩት። ቀደም ብዬ በለካሁት ጥልቀት መጠን ገመዱን ልለቅ እጄን አላልቼ ነበር፤ ነገር ግን ገና ጥቂት እንደወረደ የብረቱ ጫፍ ውሃ ሲነካ ሰማሁ። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። ስቤ አውጥቼ ደግሜ ለቀቅኩት። ያው ነው። ውሃው መንደሩ በጥር ከሚያውቀው ይበልጥ ነበር። ጎንበስ ብዬ ወደ ታች ሳይ የነጋው ሰማይ እላዩ ላይ ነበር።

ሴቶቹ እልል አሉ። ሰብሳቢው አማተቡ። እኔ ደስ አለኝ፤ እውነት ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም። በዚያው ቅጽበት ደግሞ እናቴ እንደማትመጣ አወቅኩ። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ላይ መጡብኝ፤ የትኛው እንዳስለቀሰኝ ዛሬም አላውቅም። ሰዎቹ የደስታ ነው ብለው አጽናኑኝ።

ሳሉጎቹ ለጥምቀት መሄዳቸው ውሃውን እንደሚመልሰው ለእናቴ ሳስረዳት ምንም አልደነቃትም። "ታዲያ ጥምቀት አይደል የወሰዳቸው?" አለችኝ።

አለቃዬ በቀላሉ አልተረቱም። "አንድ ሌሊት ምን ይመሰክራል?" አሉኝ። "ይምጡና ይዩታ" አልኳቸው። "ሥራ አለብኝ" አሉ። እኔም በየማለዳው በራቸው ላይ ቆሜ ሰላምታ እሰጣቸው ጀመር፤ ሌላ ምንም አልልም፤ ሰላምታ ብቻ። በመጨረሻ ተሰላችተው መኪናው ላይ ወጡ። በርሜሎቹን እንደገና ሞላን፣ ጉድጓዱን እንደገና አሳደርነው፤ በማለዳ ሜትሩን በገዛ እጃቸው ለቀቁት። ድምፁን ሲሰሙ ዞር ብለው አዩኝ። "ያ ሰማይ ላይ ያለው ነገር ይህን አየ ነው የምትዪኝ?" አሉ።

"አላየም" አልኳቸው። "እሱ ያለኝ አገሩ ውሃ አለው ብቻ ነው። ይህን ሰምቼ ጉድጓዱን ዝም ብዬ ማመን አልቻልኩም።"

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ጉድጓዱ ከአገልግሎት አይወጣም ተባለ። መንደሩም አይነሳም። ለሳሉጎቹ በእርሻዎቹ በኩል ሌላ ጉድጓድ እንዲቆፈር ተወሰነ፤ ባለሀብቶቹም ትራክተር ይዘው ሊያግዙ ቃል ገቡ። ከእንግዲህ ልኬት በጥቅምት ብቻ እንዳይሆን፣ አንድ ሰው ከመንደሩ ሠልጥኖ ክረምትም በጋም እንዲለካ አስወሰንኩ። አማካሪዬም የሳተላይቱን መስመርና ሳይቀዳ አድሮ የተለካውን የጉድጓዱን መስመር እንደገና ጎን ለጎን ሲያይ፣ "አሁን አብረው ይተነፍሳሉ" አለኝ። ከእሱ አፍ ይህን መስማት ቀላል አይደለም።

ውሳኔው ለመንደሩ በተነገረበት ቀን እናቴ ቤት ነበርኩ። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሰሊጥ ታበጥራለች። ስብሰባው ስላስደሰታት እየሳቀች የሰዎቹን ወሬ ታወራልኝ ነበር፤ ከዚያ መሀል ላይ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችኝ። በደንብ ስለማይታያት ፊቷን ወደ እኔ አስጠግታ ነበር የምታየኝ።

"ደርቋል ብትዪኝ እኮ እነሳ ነበር" አለችኝ። "ሌላ ሰው ቢለኝ አልሰማም። ያንቺን ግን ሳልጠይቅ ተቀብዬ እከተልሽ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ እማ።"

"እንድመጣልሽ አልፈለግሽም እንዴ?"

"ፈልጌ ነበር" አልኳት። "በጣም ነው የፈለግሁት። ሳትጠይቂ ስለምታምኚኝ ነው የለካሁት።"

የተቃጠለ እጇን ጉንጬ ላይ አሳረፈችና "በይ ሳይመሽ ሂጂ፤ መኪና ያመልጥሻል" አለችኝ። እስከ መንደሩ ዳር ድረስ ሸኘችኝ። መኪናው ሲመጣ ተሳፍሬ ብቻዬን ወደ ገንዳ ውሃ ተመለስኩ።